ፓተንትና ኤአይ፦ አራት ኪሎ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ፓተንት፣ ማለትም ሌላው ያለ ፈቃድ እንዳይሠራባችሁ ለፈጠራ ስለሚሰጠው መብት፣ ድሮ የሚጠይቁት ጥቂት መሐንዲሶችና የሕግ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ የአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ተማሪም፣ መርካቶ ብየዳ ቤት ያለው ባለሙያም፣ ለገሃር ቢሮ የተከራየው የስታርትአፕ ልጅም ስልኩን አውጥቶ «ቻትጂፒቲ እንዲህ አለኝ፤ እውነት ነው?» ይላል። ብዙውን ጊዜ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ የአሜሪካ ሕግ ነው። አራት ኪሎ ቡና ይዘን ስናወራ እየተመላለሱ የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። አንዳንዱ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ በሁለት መስመር ያልቃል።

ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) «ፈጣሪ» ተብሎ ፓተንት ላይ ስሙ ሊሰፍር ይችላል?

አይችልም። ጥያቄው ግን ቀልድ አይደለም፤ በየአገሩ ፍርድ ቤት ዞሯል። ስቲቨን ቴለር የሚባል አሜሪካዊ «ዳቡስ» ብሎ የሰየመው የኤአይ ሥርዓት አለው። ይህ ሥርዓት ራሱን ችሎ ሁለት ነገር ፈጥሯል አለ። አንዱ የምግብ መያዣ ነው፤ ሌላው በአደጋ ጊዜ ትኩረት እንዲስብ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት። ማመልከቻውን በብዙ አገሮች ሲያስገባ፣ የፈጣሪው ስም በሚጻፍበት ቦታ ማሽኑን ጻፈ።

የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ይግባኝ ሰሚ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2021 አልቀበልም አለ። የአሜሪካው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2022፣ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 ያንኑ ደገሙ። አውስትራሊያ ውስጥ አንድ ዳኛ በ2021 «ይቻላል» ብለው ነበር፤ በዓመቱ ይግባኝ ሰሚው ሻረው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው መነሳቱ አይቀርም፦ «ደቡብ አፍሪካ ግን ፈቅዳለች!» እውነት ነው፤ በ2021 ሰጥታለች። ግን ደቡብ አፍሪካ ፓተንት ስትሰጥ ፎርሙ በትክክል መሞላቱን እንጂ የፈጠራውን ይዘት አትመረምርም። ስለዚህ ነገሩ እዚያ ክርክር ተደርጎበት የተወሰነ አይደለም፤ ወረቀቱ ስለተሟላ አለፈ እንጂ።

የእኛው የፓተንት ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 123/1987፣ ሲወጣ ኤአይ የማንም አጀንዳ አልነበረም። ስለ ማሽን ፈጣሪነት አንድም ቃል የለውም። ሆኖም የፓተንት መብት የሚያዝ፣ የሚሸጥ፣ የሚወረስ ነገር ነው። ቻትቦት (እንደ ቻትጂፒቲ ያለ የሚያወራ ፕሮግራም) ደግሞ ልደታ ፍርድ ቤት ቀርቦ አይከስም፣ ውርስም አይቀበልም። ፎርሙ ላይ የሰው ስም ጻፉ።

ቢሆንም በኤአይ እየታገዝኩ ነው የሠራሁት። መብቱ የኔ ነው?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። አሜሪካኖቹም ሲያገላብጡት ቆይተዋል። የፓተንት ቢሯቸው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 መመሪያ አወጣ፦ ሰውየው ለፈጠራው ጉልህ አስተዋጽኦ ማድረግ አለበት የሚል። በኅዳር 2025 ያንን መመሪያ አንስቶ በሌላ ተካው። አዲሱ ነገሩን ቀለል ያደርገዋል፤ ኤአይ እንደማንኛውም የላቦራቶሪ ዕቃ መሣሪያ ነው ይላል። የሚጠየቀው ሐሳቡ ተሟልቶ የተፀነሰው በሰው አእምሮ ውስጥ ነው ወይ የሚለው ነው።

በምሳሌ ላስረዳ። ኤሌክትሪክ የሚቆጥብ የእንጀራ ምጣድ እየሠራችሁ ነው እንበል። ቻትቦት ከፍታችሁ «ኤሌክትሪክ የሚቆጥብ ምጣድ ፍጠርልኝ» ብላችሁ የመጣውን ብትገለብጡ፣ ነገ አንድ ሰው «ፈጣሪው ምኑን ፈጠረ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ያጥራችኋል። በሌላ በኩል የእንጀራው ዳር ሳይበስል መሐሉ እንደሚያር ራሳችሁ አይታችሁ፣ ሙቀቱን በየቦታው ለክታችሁ፣ የማሞቂያው ሽቦ አጠማዘዝ ላይ ችግር እንዳለ ደርሳችሁበት፣ ከዚያ ኤአይን አማራጭ ጠይቃችሁ፣ የሰጣችሁን ሞክራችሁ፣ ሦስቱን ጥላችሁ አራተኛውን ለውጣችሁ ከሠራችሁት የእናንተ ነው። ኤአይ ረዳችሁ እንጂ አልፈጠረላችሁም።

ችግሩ ይህን ማሳየት ላይ ነው። የኛ ሰው እጁ ሥራ ያውቃል፤ መዝገብ መያዝ ላይ ግን ሰነፍ ነው። ከኤአይ ጋር የተጻጻፋችሁትን ከነቀኑ አስቀምጡ። የተለካውን ቁጥር ደብተር ላይ አስፍሩ። ያልሠራውን ናሙና ሳትጥሉ ፎቶ አንሱት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን ያህል የሚጨነቅበት አልነበረም፤ ምጣዱን ያየ ሁሉ ሰው እንደሠራው ያውቅ ነበር። አሁን ግን ማንም በአንድ ምሽት አሥር ገጽ የሚያምር ማብራሪያ ማስጻፍ ይችላል። ስለዚህ ክብደት ያለው የሚያምረው ገጽ አይደለም፤ ጥቀርሻ የነካው ደብተር ነው።

ሌላም ተያያዥ ነገር አለ። ጥያቄውን ኮምፒውተር ላይ የጻፈላችሁ ልጅ፣ ስለጻፈ ብቻ ተባባሪ ፈጣሪ አይሆንም። ተቀጣሪ ከሆናችሁና ሥራውን በመሥሪያ ቤቱ አካውንት ከሠራችሁት ደግሞ አስቀድማችሁ የቅጥር ውላችሁን አንብቡ። በሥራ ውል ላይ ተመስርቶ የተሠራ ፈጠራ፣ ውሉ ሌላ ካላለ፣ የአሠሪው ነው።

ሐሳቤን ቻትጂፒቲ ላይ ብጽፈው ይሰረቅብኛል? አዲስነቱስ ይጠፋል?

ሁለት ጥያቄ ነው። ለያይተን እንየው።

ፓተንት ለማግኘት ፈጠራው አዲስ መሆን አለበት። ከማመልከቻው በፊት ለሕዝብ ከወጣ፣ በራሳችሁ አፍ እንኳ ቢወጣ፣ አዲስነቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። በግል ከቻትቦት ጋር መጻጻፍ ጋዜጣ ላይ እንደማውጣት አይቆጠርም ብለው የሚከራከሩ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። እኔም ወደዚያው አዘነብላለሁ። ነገር ግን ምስጢርነቱ የሚወሰነው ስትመዘገቡ ሳታነቡ «እስማማለሁ» ባላችሁት ውል ነው። ብዙዎቹ ነፃ አገልግሎቶች፣ ካልከለከላችኋቸው በስተቀር፣ የጻፋችሁትን ሞዴላቸውን፣ ማለትም ከጽሑፍ ተምሮ መልስ የሚሰጠውን ፕሮግራም፣ ለማሠልጠን ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. በ2025 ክረምት ደግሞ ሰዎች በሊንክ ያጋሯቸው የቻትጂፒቲ ንግግሮች ጉግል ፍለጋ ላይ ብቅ ብለው ነበር። ኩባንያው ኋላ ላይ አገልግሎቱን አነሳው። ሼር የምትለዋን ቁልፍ ከመንካታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ምን ይደረግ? ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ለሥልጠና መጠቀሙን አጥፉ። ሙሉውን ፈጠራ በአንድ ጊዜ አትዘርግፉ፤ አጠቃላይ ጥያቄ ጠይቁ፣ ልዩ የሚያደርገውን ክፍል ለራሳችሁ ያዙ። አቅም ያለው ድርጅት የምስጢር ግዴታ ያለበት የተከፈለበት አገልግሎት ይግዛ። ጎበዝ ኮምፒውተር ያላችሁ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ሞዴል ጭናችሁ መጠቀም ትችላላችሁ።

እውነቱን ልናገር ግን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ምስጢር የሚወጣው በማሽን ሳይሆን በሰው ነው። ባለሙያው ቻትቦቱን ሲፈራ ይከርምና ማሽኑ ገና ሲሠራለት በደስታ ቲክቶክ ላይ ይለቀዋል። ኤግዚቢሽን ላይ ውስጡን ከፍቶ ያሳያል። አሜሪካ ፈጣሪው ራሱ ካወጣው በኋላ የ1 ዓመት ጊዜ ትሰጣለች። አውሮፓ ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ይቅርታ የላትም። መጀመሪያ ማመልከቻ፣ ከዚያ ቲክቶክ።

ማመልከቻውንስ ኤአይ ቢጽፍልኝ? ለባለሙያ ከመክፈል እገላገላለሁ?

መግለጫውን ለመጻፍ ይረዳል። ያላችሁን ዝብርቅርቅ ማስታወሻ ቅርጽ ያስይዛል፤ የረሳችሁትን ይጠይቃል። ፈጠራው በምን በምን ሌላ መልክ ሊሠራ እንደሚችል ሲያስብም ከሰው ይፈጥናል። ከክብ ምጣድ ሌላ አራት ማዕዘን ቢሆንስ? ማሞቂያው ከሸክላው በታች ሳይሆን ውስጡ ቢቀበርስ? እንዲህ ያለውን ሳትሰስቱ ጠይቁት።

ክሌም ላይ ስትደርሱ ግን ቆም በሉ። ክሌም ማለት የመብታችሁን ድንበር የሚወስኑት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። አንድ ቃል ካጠበበ ጎረቤት በቀላሉ ዞሮ ያልፋችኋል። ካሰፋ ደግሞ ቀድሞ የነበረ ነገር ላይ ትወድቁና ውድቅ ይሆናል። ኤአይ ሚዛኑን አያውቀውም፤ ለጆሮ የሚጥም ነገር ይጽፋል። አማርኛ ላይ ደግሞ ባሰበት። ጽሑፉ እንዳይሰለች ብሎ አንዱን ክፍል እዚህ «ማሞቂያ»፣ እዚያ «ሙቀት ሰጪ»፣ ሌላ ቦታ «የግለት አካል» ይለዋል። ለድርሰት ጥሩ ነው። ክሌም ላይ ግን ተከራካሪ ወገን «ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው» ብሎ ይመጣል። አንድ ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ስም ብቻ ይኑረው።

ከዚህ የከፋም አለ፤ ያልተደረገ ሙከራ ይጽፋል። «በሙከራው 37 በመቶ የኃይል ቁጠባ ተመዝግቧል» ብሎ ቁጭ። ማን ለካው? ማንም። እናንተ ፈርማችሁ ካስገባችሁት ውሸቱ የእናንተ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ጠቅሰው ፍርድ ቤት አስገብተው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። የአሜሪካው የፓተንት ቢሮም በ2024 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ወረቀቱን የሚፈርመው ሰው ኤአይ የጻፈውን ሁሉ ራሱ ማረጋገጥ አለበት ብሏል። አንድ ነገር ጨምሩበት፦ አንዴ ማመልከቻው ከገባ በኋላ መጀመሪያ ያልነበረ አዲስ ነገር መጨመር አይቻልም። ኤአይ የዘለለው ነገር ካለ እንደተዘለለ ይቀራል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ረቂቅ ከኤአይ ጋር ጻፉ፤ ክሌሙን ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። ባለሙያው ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ሲያገኝ ሰዓቱም ይቀንሳል፤ ክፍያውን ለመደራደርም መነሻ ይሆናችኋል።

ከኔ በፊት የተሠራ መኖሩን በኤአይ መፈለግ እችላለሁ?

ይቻላል። ኤአይ ለኛ ሰው በጣም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ኢስፓስኔት፣ ፓተንትስኮፕና ጉግል ፓተንትስ የሚባሉት የፓተንት መፈለጊያ ድረ ገጾች በነፃ ክፍት ናቸው። ኢስፓስኔት ላይ ብቻ ከ150 ሚሊዮን በላይ የፓተንት ሰነድ አለ። ቤት ኢንተርኔት ካስቸገራችሁ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቅርብ ነው።

ድሮ ችግሩ ቃሉን ማወቅ ነበር። ፓተንት ጸሐፊ ምጣድን ምጣድ አይለውም፤ «የሚሞቅ ጠፍጣፋ የማብሰያ ገጽ» ብሎ ይጽፈዋል። ኤአይን ዕቃችሁን በቀላል ቋንቋ አስረዱትና በእንግሊዝኛ ምን ምን ተብሎ ሊጠራ እንደሚችል፣ በዓለም አቀፉ የፓተንት ምደባ ውስጥም የት እንደሚገኝ ጠይቁት። የወጥ ቤት ዕቃዎች ለምሳሌ «ኤ47ጄ» በሚባለው ክፍል ናቸው። ያንን ይዛችሁ ዳታቤዙን ራሳችሁ ፈልጉ። ቻትቦቱን በቀጥታ «ተመሳሳይ ፓተንት አምጣ» ካላችሁት ግን የሌለ የፓተንት ቁጥር ከነርዕሱ ሠርቶ ሊሰጣችሁ ይችላል። እያንዳንዱን ቁጥር ከፍታችሁ እዩ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ማሽኑ የሚያነበው የተጻፈውን፣ ከተጻፈውም ኮምፒውተር ውስጥ የገባውን ብቻ ነው። የጤፍን ጉዳይ አስታውሱ። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። ጉዳዩ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ቆይቶ ሲፈጭ የሚኖረውን ጠባይ የሚመለከት ነበር። ጤፍ ሲከርም ምን እንደሚሆን ለአገር ቤት ጋጋሪ ማን ይነግራታል? ግን ማመልከቻውን የሚያየው የፓተንት ቢሮ መርማሪ ፊት የሚቀርበው ሰነድ ነው፤ የእናቶች እውቀት ሰነድ አይደለም። የሄግ ፍርድ ቤት የኔዘርላንዱን ፓተንት ፈጠራ የሚያሰኝ ነገር የለውም ብሎ የሻረው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ነው። ያ ሁሉ ዓመት አለፈ።

ኤአይ ፍለጋውን እየያዘ ሲሄድ ይህ ክፍተት ይሰፋል ብዬ እሰጋለሁ። ስለ እንሰት አዘገጃጀት፣ ስለ ቆዳ አለፋፍ፣ ስለ ጠጅ አጣጣል ማሽኑን ጠይቁት፤ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ይህ በሁለት በኩል ይጎዳናል። የውጭ ሰው የኛን እውቀት «አዲስ» ብሎ ሲያስገባ የሚያግደው ሰነድ አይገኝም። እናንተም ኤአይ «ምንም አላገኘሁም» ስላላችሁ ብቻ አዲስ ሠራሁ ብላችሁ ትገቡና፣ ሰበታ ያለ አንጥረኛ ያንኑ ከድሮ ጀምሮ ሲሠራው እንደኖረ ትሰማላችሁ። ስለዚህ ከስክሪኑ ፍለጋ በኋላ የዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ጽሑፎችን እዩ፤ ፓተንት የሚሰጠውን የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን መዝገብ ጠይቁ፤ በሙያው የቆዩ ሰዎችንም አነጋግሩ። ስታነጋግሩ ግን ችግሩን ጠይቁ እንጂ መፍትሔያችሁን አትንገሩ።

መርማሪዎቹም ኤአይ ይጠቀማሉ?

ትልልቆቹ ቢሮዎች አዎ። የአሜሪካ መርማሪዎች ከማመልከቻው ጋር የሚመሳሰሉ ሰነዶችን የሚያወጣ የኤአይ ፍለጋ አላቸው። የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅትም ለፓተንት ጽሑፍ የተሠራ የራሱ የትርጉም ማሽን አለው። ድሮ በቻይንኛ ተጽፎ የተደበቀ የነበረ ሰነድ ዛሬ በቀላሉ ይገኛል። ውጭ ለማመልከት የምታስቡ ከሆነ «አያገኙትም» የሚለው ተስፋ አይሠራም።

የሠራሁት ራሱ ኤአይ ነው። ሞዴሌን ፓተንት ላድርገው?

እዚህ አገር የኮምፒውተር ፕሮግራም በራሱ ፓተንት አይሰጠውም፤ አዋጅ 123/1987 በግልጽ ካስቀራቸው ነገሮች አንዱ ነው። የሒሳብ ዘዴም እንዲሁ። ኮዱን የሚጠብቅላችሁ የቅጂ መብት ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። የሠለጠነበት ዳታና አሠራሩ ደግሞ በምስጢር ቢያዙ ይሻላል።

ፕሮግራሙ የአንድ ዕቃ አካል ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። በካሜራ እያየ ቡና የሚለቅም ማሽን ሠርታችሁ ከሆነ፣ ፓተንቱን የምትጠይቁት ለማሽኑና ለአሠራሩ ነው፤ ካሜራው የት እንዳለ፣ ፍሬው እንዴት እንደሚወርድ፣ ውሳኔው እንዴት ወደ እንቅስቃሴ እንደሚቀየር።

አሜሪካም ቢሆን እንደሚወራው ልቅ አይደለም። የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2025፣ የታወቀ የማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከዳታ የሚማርበት) ዘዴን ወስዶ አዲስ ዓይነት ዳታ ላይ መጠቀም ብቻውን ፓተንት አያሰጥም ብሎ ወስኗል። «ቻትጂፒቲ ለኮንዶሚኒየም ኪራይ» የሚል ሐሳብ ላላችሁ ወዳጆቼ፣ ይቅርታ።

ውጭ አገር ፓተንት የተደረገ ነገር በኤአይ አስተርጉሜ እዚህ ብሠራውስ?

ፓተንት በየአገሩ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ያልተመዘገበ የውጭ ፓተንት እዚህ አይከለክላችሁም፤ ሠርታችሁ መሸጥ ትችላላችሁ። ፓተንቱ ወዳለበት አገር መላክ ግን አትችሉም። የጃፓንና የቻይና ሰነዶችን በኤአይ እያስተረጎሙ ማንበብ ለብየዳ ቤቶቻችን ትልቅ ትምህርት ቤት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሥዕሉ ሁሉ ተሟልቶ ይገኛል። ሕጋችን እንዲህ ያለውን ቴክኖሎጂ አስገብቶ ለሚሠራ ሰው «የአስገቢ ፓተንት» የሚባልም አለው፤ በሥራ ላይ መዋሉ እየታየ እስከ 10 ዓመት ይቆያል። ትንሽ ማሻሻያ ከጨመራችሁበት ደግሞ ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠውን መብት፣ የግልጋሎት ሞዴልን፣ ጠይቁ። መስፈርቱ ከፓተንት ይቀላል፤ ለ5 ዓመት ተሰጥቶ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። መደበኛው ፓተንት 15 ዓመት ነው፤ በአግባቡ እየተሠራበት ከሆነ 5 ይጨመርለታል። ብዙው የኛ ሰው ሥራ የግልጋሎት ሞዴል ነው፤ ማዕረጉ አነሰ ብላችሁ አትናቁት።

የፓተንት ባለሙያ ሥራ ሊያልቅ ነው እንዴ?

የመጻፍ ሥራው ይረክሳል። ወረቀት በማሳመር ብቻ ይከፈለው የነበረ ሰው ይቸገራል፤ ልደታ አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፉትንም ይነካል። ፈጣሪውን ቁጭ አድርጎ «ይሄን ለምን እንዲህ አደረግከው?» እያለ፣ ባለቤቱ እንኳ ያላስተዋለውን ፈጠራ የሚያወጣ ሰው ግን ዋጋው ይጨምራል። ብዙ ባለሙያ በእጁ የሚያውቀውን በአፉ አይናገረውም። ቻትቦት የተነገረውን ይሰማል፤ ምጣዱን ገልብጦ አያይም።

በኤአይ መታገዜን ለባለስልጣኑ መናገር አለብኝ?

አዋጁ እንዲህ የሚል ግዴታ አልጻፈም፤ ሲወጣ ነገሩም አልነበረም። አሜሪካም ኤአይ ስለተጠቀማችሁ ብቻ አሳውቁ አትልም። ጉዳዩ የሚነሳው የፈጣሪውን ማንነት ወይም የሰነዱን እውነተኛነት የሚነካ ሲሆን ነው። መርማሪው ከጠየቃችሁ ግን ያለውን ተናገሩ፤ ቀን ያለበት ደብተራችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ዋናውን አትስጡ፤ ኮፒ አስደርጉ።